ከሦስተኛው ቋጠሮ በኋላ

ቺያዪ፣ ማርች 3 ቀን 2019

ለወንድሜ ልጅ ለቦ-ያን፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ፉኩኦካ ድረስ ይድረስህ። ብርዱ እንዳይጎዳህ፣ ሥራህ እንዲቃናልህ፣ የአያቶችህ ጥላ ከላይህ እንዳይርቅ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያማርራል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ስልክ መደወል ይቀልህ እንደነበር አውቃለሁ፤ ነገር ግን በስልክ የተባለ ነገር አይታረምም፤ በወረቀት መጻፍህ ደስ አሰኝቶኛል። ሁለት ፊደል ስተሃል። አርሜ ከዚህ ጋር መልሼልሃለሁ።

የጠየቅኸኝን በተራ ልመልስ። ዶክተር ዌይ፣ የልጄ የሃን-ዩን አለቃ የነበሩት፣ ባለፈው ወር ቤቴ መጥተው ነበር። ለቀዶ ሕክምና ተለማማጆች የቪዲዮ ትምህርት የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ሊያሠሩ አስበዋል። ልጄ ለታናናሽ ሐኪሞች ብላ የቀረጸቻቸው ትምህርቶች መነሻ እንዲሆኑ፣ ሠሪውም አንተ እንድትሆን ይፈልጋሉ። በትልቅ ከተማ ያለ ተለማማጅ የሚያሳየው ሰው አያጣም፤ ተራራ ሥር ባለች ትንሽ ሆስፒታል ያለው ግን ክሩን ይዞ ብቻውን ይቀመጣል አሉኝ። ተስማማሁ። አስተማሪ የሌለው ተማሪ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

ሃን-ዩን ካረፈች ዓመት አልፏል። ፖሊስ ሞተር ብስክሌቷን ከመለሰልኝ ቀን ጀምሮ ክፍሏን አልከፈትኩትም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ገብቼ ከካሜራዋ ውስጥ ትንሿን ካርድ አወጣሁ። አርባ አንድ ቪዲዮ አለባት። እኔ የመጀመሪያውን ብቻ ከፍቼ ነበር፤ እሱንም እስከ መጨረሻው አላየሁትም። ካርዷን ራሷን ልኬልሃለሁ።

ለቀብሯ ባለመምጣትህ በየደብዳቤው ይቅርታ መጠየቅህን ተወው። በእኛ ልማድ ወላጅ ልጁን ወደ መቃብር አይሸኝምና እኔም በደንቡ መሠረት በሬን ዘግቼ ቤት ቀረሁ። ስለዚህ አንተም አልሸኘሃትም፣ እኔም አልሸኘኋትም። በዚህ እኩል ነን።

አክስትህ ጂያን ሱ-ዪን


ፉኩኦካ፣ ማርች 22

ለተከበሩ አክስቴ፤

ጤናዎ እንደ ልቤ ምኞት ይሁንልዎ፤ ጉልበትዎም ደረጃውን ይቅር ይበለው። ይህንንም ደብዳቤ አርመው እንደሚመልሱልኝ ስለማውቅ እያንዳንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ አይቼ ነው የጻፍኩት።

ካርዷ በሰላም ደርሳለች። አርባ አንዱንም አየሁ። ፊቷ አይታይም። የሚታዩት ሁለት እጆቿ፣ ክሩ፣ መርፌ መያዣውና ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ የአሳማ እግር ናቸው። ማይክራፎኗን ደረቷ ላይ ስለምትሰካ ድምፅዋ ጆሮ ሥር ያለች ያህል ይሰማል። «ግራ እጃችሁ አይቸኩል፤ የሚቸኩለው ሁልጊዜ ግራ ነው» ትላለች። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከኋላዬ ቆሞ ጥቂት ከተመለከተ በኋላ የምግብ ዝግጅት መስሎት መቼ እንደሚቀቀል ጠየቀኝ።

ገጹን እንዲህ አስቤዋለሁ። ለእያንዳንዱ ቋጠሮና ስፌት አንድ ገጽ ይኖራል። ተለማማጁ ቪዲዮውን ማዘግየት፣ ወደ ኋላ መመለስ፣ ከዚያም የራሱን እጅ ቀርጾ ከእሷ እጅ ጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ይችላል። የእያንዳንዱ ገጽ ርእስ ከነስሟ ጎልቶ በቀይ ይጻፋል። ናሙናውን በወረቀት አትሜ ልኬልዎታለሁ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። በቪዲዮዎቹ ውስጥ ከትምህርቱ ውጭ ብዙ ድምፅ አለ። እየዞረ ቆሻሻ የሚሰበስበው መኪና ሙዚቃ አለ፣ የጎረቤት ውሻ አለ፣ ለምግብ ሲጠሯት የእርስዎም ድምፅ አለ። ሁሉንም ማጽዳት እችላለሁ። ግን አንዳንዱን ብተወው ምን ይመስልዎታል? እኔን ቤቱን ያስታውሰኛል።

ቦ-ያን


ቺያዪ፣ ኤፕሪል 9

ለቦ-ያን፤

የመቃብር ጽዳት በዓል በሰላም አለፈ። የአባትህንም መቃብር ሣር ነቅዬ፣ በአንተ ስም ዕጣን ለኩሻለሁ። በዚያ ምክንያት የመጣ በረከት ካለ ግማሹ ያንተ ነው።

አንደኛ፣ ቀዩን ለውጥ። የሰው ስም በቀይ አይጻፍም፤ ክፉ ምልክት ነው። ጃፓን ስንት ዓመት ብትኖር ይህ ይጠፋሃል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ስኖር የአንድም ልጅ ስም በቀይ ጽፌ አላውቅም። በጥቁር ይሁን።

ሁለተኛ፣ ሥዕሉን ቋጠሮ መሃል ላይ አትቁረጠው። ክሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ተማሪው ሳይቋረጥ ማየት አለበት። ቢረዝምም ይርዘም።

ሦስተኛ፣ ስለ ድምፁ። ትምህርቱ ያልሆነውን ሁሉ አውጣው። ውሻውንም፣ መኪናውንም፣ እኔንም። እኔ በክፍሌ ውስጥ መስኮት ዘግቼ ነበር የማስተምረው። ተራራ ሥር የተቀመጠው ልጅ የሃን-ዩን እናት ሾርባ ይቀዘቅዛል ስትል መስማት ምን ያደርግለታል?

አራተኛ፣ ሲያልቅ ያልጸዳውን አጥፋው። የአንድ ትምህርት ሁለት ቅጂ ሲኖር ተማሪ የትኛው ትክክል እንደሆነ ግራ ይገባዋል፤ በመማሪያ መጻሕፍት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ካርዷንም ባዶ አድርገህ መልስልኝ። ለዶክተር ዌይ እሰጣቸዋለሁ፤ ሌላ ልጅ ይቅረጽባት። ያለ ሥራ የምትቀመጥ ዕቃ አልወድም።

የአሳማ እግሩን በማንሳትህ ግን አሳቅኸኝ። ሁልጊዜ ሁለት ነበር የምትገዛው፤ አንዱን ለመስፋት፣ አንዱን ለድስት። ሥጋ ሻጩ አ-ሁዋ ገና ከሩቅ ሲያያት «ዶክተር፣ ዛሬ ስንት በሽተኛ ልመዝንልሽ?» ይላታል። እሷም «ሁለት፤ አንዱ አይተርፍም» ትለዋለች። አንድ ቀን ተሳስቼ የተሰፋውን ቀቀልኩት። ሾርባው ውስጥ ሰማያዊ ክር ወጣ። ክሩን በመመገቢያ እንጨቷ ጫፍ አንሥታ ብርሃን ላይ ይዛ ካየችው በኋላ፣ «እማ፣ ሁለት ሰዓት ተቀቅሎ እንኳ አልተፈታም» አለች። ያን ቀን እንደኮራችው በምረቃዋም ቀን ስትኮራ አላየኋትም።

አክስትህ


ፉኩኦካ፣ ሜይ 30

ለተከበሩ አክስቴ፤

የዝናቡ ወቅት ሳይጎዳዎ ይለፍ። ሥራው አልቋል። ስሟ በጥቁር ነው። ሥዕሉ የትም አልተቆረጠም። ድምፁ ጸድቷል። እንዳዘዙኝ ያልጸዳውን ሁሉ አጥፍቻለሁ፤ ካርዷም ባዶ ሆና ከዚህ ጋር ተልካለች። ዶክተር ዌይ ገጹን በሚመጣው ሳምንት ይከፍቱታል።

ቁጥር አርባ አንድን ከማጥፋቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ አስቤ ነበር። ትእዛዝዎ ግልጽ ስለነበር ተውኩት።

ቦ-ያን


ቺያዪ፣ ሴፕቴምበር 20

ለቦ-ያን፤

የመኸር ጨረቃ በዓል ካለፈ ሳምንት ሆነ። የጨረቃ ኬክ የላክሁልህ ሳይደርቅ ደርሶህ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ጤናህን ይስጥህ፤ የምታየው ስክሪንም ዓይንህን አይጉዳው።

ዶክተር ዌይ ትናንት መጡ። ገጹን አሁን በዘጠኝ ሆስፒታሎች ያሉ ተለማማጆች እንደሚማሩበት ነገሩኝ። ከዚያ እየሳቁ አንድ ነገር አወሩኝ። ባለፈው ሳምንት ቋጠሮ ሲፈትኑ አንድ ተለማማጅ ሦስተኛውን ቋጥሮ እጁን አቆመ። ረሳው ብለው አሰቡ። ልጁ ግን አራተኛውን አሳምሮ ቋጥሮ ጨረሰ። ቀጥላ የመጣችዋም ሦስተኛው ላይ ቆመች። ከተፈተኑት ዘጠኝ ተለማማጆች ስድስቱ ቆሙ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አሉት አንዱን።

«አራት እስክቆጥር ነው፣ ዶክተር።»

«ይህን ማን አስተማረህ?»

«ዶክተር ሃን-ዩን ናቸዋ፤ ቁጥር አርባ አንድ ላይ።»

ምክንያቱን ሲጠይቋቸው እያንዳንዱ የራሱን አመጣ። አንዷ ክሩ እንዲያርፍ ነው አለች። አንዱ ደሙ መቆሙን ለማየት ነው አለ። ሌላው ደግሞ፣ ገና የመጀመሪያ ዓመት ነው፣ ሐኪም እዚህ ጋ መተንፈስ አለበት ብሎ ማስታወሻው ላይ አስምሮበታል። ዶክተር ዌይ ይህን ሲነግሩኝ እስኪበቃቸው ሳቁ። ሃን-ዩን ስለዚህ የጻፈችው ነገር ካለ እንድፈልግላቸው ጠየቁኝ።

አሥራ አንድ ደብተሮቿን ሁሉ ገለጥኩ። ምንም የለም። ስለዚህ የጎረቤቴ ልጅ ቁጥር አርባ አንድን ከፈተችልኝ። ሦስተኛው ቋጠሮ ላይ እጆቿ ይቆማሉ። ቀኝ ክርኗ ትንሽ ወደ በሩ ይዞራል። ድምፅ የለም። ከዚያ አራተኛውን ትቋጥራለች።

ከአሳማው እግር ሥር ያነጠፈችው አረንጓዴ ፎጣ ለዘመን መለወጫ የሰጠኋት ነው። የተጠቀመችበት አንድ ምሽት ብቻ ነው። ስለዚህ ምሽቱን አውቄዋለሁ። የመጨረሻው ነው።

ያን ምሽት ጠርቻታለሁ። መልስ መስጠቷን አላስታውስም፤ ዓመት ከግማሽ ሳስበው ከርሜ አላገኘሁትም። አንተ ግን ከማጽዳትህ በፊት ሰምተኸዋል። በዓለም ላይ የሰማኸው አንተ ብቻ ነህ። ምን አለችኝ?

አክስትህ


ፉኩኦካ፣ ኖቬምበር 2

ለተከበሩ አክስቴ፤

መዘግየቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ኬኩ ሳይደርቅ ደርሶኛል። ብርዱ ሳይገባ ጉልበትዎን የሚሸፍን ልብስ ልኬልዎታለሁ።

የጠየቁኝን አስታውሰዋለሁ። «መጣሁ እማ» ነው ያለችው።

ዕድሜ ይስጥዎ።

ቦ-ያን


ቺያዪ፣ ኖቬምበር 14

ለቦ-ያን፤

ስለ ልብሱ ተባረክ። ልክ ነው፣ ይሞቃል።

«መጣሁ እማ» ለማለት አንድ ሰከንድ ይበቃል። ግድግዳ ሰዓቱ ሥር ቆሜ አሥር ጊዜ ሞከርኩት። አንድ ቃል ብዬ አርፌ ሌላውን ብል እንኳ ሁለት አይሞላም። ልጄ የቆመችው አራት ሰከንድ ነው። ደግሞም ሃን-ዩን ከልጅነቷ ጀምሮ መጣሁ ካለች ትመጣ ነበር። ያን ምሽት አልመጣችም።

ለምን እንደዋሸኸኝ የገመትኩ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ቀድሜ እኔ ልናገር። ሁለት ጊዜ ጠራኋት። ሁለተኛውን ስጠራ ተቆጥቼ ነበር። ከቀትር በኋላ ጀምሬ ዓሣ ከሩዝ ጋር ቀቅዬ፣ ዝንጅብሉን እሷ እንደምትወደው አቅጥኜ ከትፌ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ፣ «እንግዲያው ራትሽን ከአሳማው እግር ጋር ብዪ። እኔ ሁለተኛ አላሞቅም» አልኳት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የራስ ቁሯን ይዛ ወጣች። ሳትበላ ወደ ተረኝነቷ ሄደች። በሩ ሲዘጋ ከማዕድ ቤት አልወጣሁም። ያ ነው። ጧት ስትመለስ ሞተሩ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ሆዷ ባዶ እንደነበር ሐኪሙ ጽፎታል፤ እኔም ወረቀቱን አንብቤዋለሁ።

ስለዚህ እኔ ያልኩትን ሰምተህ፣ እሷም ክፉ መልሳልኝ ከሆነ፣ እኔን ላለማሳፈር ብለህ አትደብቅ። ክፉ ብትመልስልኝ ይገባኝ ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተምሬ፣ ስሕተቱን ካየው ተማሪ ይልቅ ያልታየለት ሲጎዳ ነው ያየሁት። የሆነውን እንደሆነው ጻፍልኝ።

አክስትህ


ፉኩኦካ፣ ጃንዋሪ 11 ቀን 2020

ለተከበሩ አክስቴ፤

አዲሱ ዓመት እረፍት ያምጣልዎ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አሁን እርስዎ በሚወዱት መንገድ፣ በተራው እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ የእርስዎ ድምፅ ይሰማል፤ ከሩቅ፣ «ሃን-ዩን፣ ራት» የሚል። ይህ ሦስተኛውን ስታጠብቅ ነው። እጆቿ ይቆማሉ። ረጅም ትንፋሽ ታወጣለች። ከዚያ ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ጠረጴዛው፣ በጣም ቀስ ብላ፣ «ደክሞኛል እማ» ትላለች።

ማይክራፎኗ ደረቷ ላይ ስለነበረች ነው ቃሉን የያዘችው። ከበሩ ውጭ የቆመ ሰው ሊሰማው አይችልም። እርስዎ የረሱት ነገር የለም፤ ያልደረሰዎትን ነው ሲፈልጉ የከረሙት።

ክፉ አልመለሰችም። ራትሽን ከአሳማው እግር ጋር ብዪ ያሏት አራተኛውን ስትጀምር ነው፤ እሷም በአፍንጫዋ ሳቀች። ድምፁን አጥፍቼዋለሁ፣ ሥዕሉ ላይ ግን አለ። አራተኛውን ስትስብ ክሩ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ከሳቋ ነው። ይህን ሄደው ማየት ይችላሉ።

የዋሸሁት እርስዎን ለመሸፈን አልነበረም። እኔም ያን ቃል ሰምቼ ነው ያጠፋሁት። ልጠይቅዎ አስቤ ተውኩት ያልኩዎ እሱን ነው። ትእዛዙ ግልጽ ነው አልኩ፤ ቁልፉን ተጫንኩ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተሩን የጠፋ ነገር ለሚያወጣ ባለሙያ ወስጄ ነበር። ሦስት ሳምንት አስቀምጦ ምንም የለም ብሎ መለሰልኝ።

ዶክተር ዌይ ተለማማጆቹ እንዳይሳሳቱ አራቱን ሰከንድ እንድቆርጥ ጠይቀውኛል። አልነካሁትም። እርስዎ የሚሉትን እጠብቃለሁ።

ቦ-ያን


ቺያዪ፣ ፌብሩዋሪ 6

ለቦ-ያን፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። ደብዳቤህን አላረምኩትም። የሚታረም የለበትም።

ትናንት ሙት ዓመቷ ነበር። አ-ሁዋ ሁለት የአሳማ እግር ይዞልኝ መጣ። እኔ አላዘዝኩትም ነበር። በር ላይ ቆሞ፣ «ሁለት ነው፣ እመቤት መምህር» ብቻ አለኝና ሄደ። አንዱን ቀቀልኩት። ሌላው ገና አለ።

ራስህን አትውቀስ። ትምህርቱ ያልሆነውን ሁሉ አውጣ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የደብዳቤው ግልባጭ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ አውጥቼ አነበብኩት። ሦስተኛውንም አራተኛውንም ትእዛዝ የጻፈው የእኔ እጅ ነው። አንተ የታዘዝኸውን በትክክል ሠራህ። ጎበዝ ተማሪ ነበርክ፣ አሁንም ነህ።

ክሩ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። የጎረቤቴ ልጅ እንዴት ወደ ኋላ እንደሚመለስ አሳይታኛለች፤ አሁን ያለ እሷ እከፍተዋለሁ።

አራቱን ሰከንድ አትቁረጥ። ነገር ግን ተማሪዎቹ ስሕተት ይዘው እንዲሄዱ አልፈልግም፤ ስድስት ሐኪም በታካሚ ፊት ቆሞ ያለ ምክንያት መቁጠር የለበትም። ስለዚህ እጆቿ በቆሙበት ቦታ፣ ከሥዕሉ ግርጌ፣ ይህን ጻፍ። ለዶክተር ዌይ አንብቤላቸዋለሁ፤ እሺ ብለዋል። ቃል አትጨምር፣ አትቀንስ። በጥቁር ይሁን።

«እዚህ ላይ እጇ ለአራት ሰከንድ የቆመው ደክሟት ነው፤ የቋጠሮው ደንብ አይደለም። እናንተ ሳትቆሙ አራተኛውን ቋጥሩ። ደክሟችሁ ከሆነ ግን ክሩን አስቀምጡና ተነሡ። ምግቡ እንደገና ይሞቃል።»

አክስትህ ጂያን ሱ-ዪን